ከባለቤቴ ጋር በባለቤትነት ተጣላን

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የሰው ችግር ሲነበብ ቀላል ይመስላል። የራስ ሲሆን ግን ግራ ያጋባል።

የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ነው። የታሸጉ የእህል ምግቦች የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በሰዓት 22 ዶላር ይከፈለኛል። የፋብሪካው ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ ደግ ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ምሳ መብያው ውስጥ ሰበሰቡንና “ጡረታ ልወጣ ነው፤ ድርጅቱን ለእናንተ ሸጬዋለሁ” አሉን። ግማሹ ሰው አለቀሰ። ኬክ ተቆረሰ። ነገሩ “ኢሶፕ” ይባላል ተባለ። እኔ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም። ያልከፈልኩበትን ነገር እንዴት እንደገዛሁት እስካሁን አልገባኝም።

ባለፈው ወር ሁለተኛው ወረቀት በፖስታ መጣ። በስሜ 9,200 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን አለ ይላል። ከሥሩ “ቬስትድ” የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ 0 ተጽፏል።

ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። የአክስቱ ልጅ የሚሠራበት ዌርሃውስ (የዕቃ መጋዘን) በሰዓት 25 ዶላር ይከፍላል። የሌሊት ሽፍት ነው። “ነገ ግቢ፤ ቤት መግዣ እያጠራቀምን በወረቀት አትጫወቺ” ይለኛል። እኔ ደግሞ ልቤ እሺ አይለኝም።

አባቴ መምህር ነበር። አዲስ አበባ ሳለን፣ ገና በምሥረታ ላይ ከነበረ አንድ አክሲዮን ማኅበር አክሲዮን ገዛ። ማኅበሩ ሳይቋቋም ቀረ፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። ደረሰኙን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጠው ሞተ። ባለቤቴ ይህን ያውቃል። ባለፈው ስንጨቃጨቅ “እንደ አባትሽ ደረሰኝ ታቅፈሽ ልትቀሪ ነው” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነን፣ በቅጡ አልተነጋገርንም።

አብራኝ የምትሠራ ሴት ደግሞ “ክፍፍሉ በደሞዝ ልክ ስለሆነ ለአለቆቹ ነው፣ ለእኛ ፍርፋሪ ነው” ትላለች። በፊት 401ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባችን ላይ ድርጅቱ ይጨምርልን የነበረውም ቆሟል። ልቆይ ወይስ ልሂድ?

ግራ የገባት፣ ከፖርትላንድ

መልስ

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። በዕድሜ ስለምበልጥሽ ነው።

ከአባትሽ ደረሰኝ ልጀምር። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ እዚያ ፕላስቲክ ላይ ቆመ። ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ወረቀት በፕላስቲክ አይጠቀልልም። አባትሽ እስከ መጨረሻው “ምናልባት” ይሉ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ካለ ቤት የወጣች ልጅ አክሲዮን የሚል ቃል ስትሰማ ሆዷ ቢባባ አይገርምም። ባለቤትሽም የተናገረው ቃል ክፉ ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ግን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጫቸውና እያቸው። አባትሽ ከኪሳቸው አውጥተው ገና ያልተወለደ ድርጅት ላይ ሰጡ። አንቺ ከኪስሽ አላወጣሽም፤ ድርጅቱም በየቀኑ መስመሩ ላይ ቆመሽ የምታዪው ነው። አገር ቤት እንደምናውቀው የአክሲዮን ግዢም አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮን ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የሌለው አይገዛም፤ ያለው ይገዛል። ያንቺው ግን ሌላ መንገድ ነው።

“ያልከፈልኩበትን እንዴት ገዛሁት?” ያልሽው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በገበሬ ቋንቋ ልንገርሽ። በሬ የሌለው ሰው የሰው መሬት በሰው በሬ ሲያርስ ይኖራል፤ ከምርቱ ግማሹን ያስረክባል፤ በሚቀጥለው ዓመትም በሬ የለውም። አሁን አንድ ሰው መጥቶ “በሬውን በዱቤ ውሰድ፣ ዋጋውን ከሚታረሰው ምርት ትከፍላለህ” ቢለው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሬው የራሱ ነው። ኢሶፕም እንዲሁ ነው። በሠራተኞቹ ስም ትረስት የሚባል አካል ይቋቋማል። ትረስቱ ይበደርና አክሲዮኑን ከባለቤቱ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሳቸው የዋጋውን አንድ ክፍል በዱቤ ይሰጣሉ። ዕዳውን ድርጅቱ ከትርፉ ይከፍላል። ዕዳው በተከፈለ ቁጥር አክሲዮን እየተለቀቀ በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ይገባል። የአንቺ 9,200 የመጣው ከዚያ ነው።

ይህን ያሰበው ሉዊስ ኬልሶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ጠበቃ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ፓሎ አልቶ የሚታተሙ ጋዜጦች ሠራተኞች ድርጅቱን እንዲገዙ በዚህ ዘዴ ረዳቸው። ኬልሶ የሚለው ነገር ቀላል ነበር። ሀብታም ሰው ሀብት የሚገዛው በብድር ነው፤ ብድሩን የሚከፍለው የገዛው ሀብት ራሱ ነው። ደሞዝተኛው ግን ይህን በር አያገኘውም፤ ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ጉልበቱን ብቻ እየሸጠ ይኖራል። በ1974 በወጣው የጡረታ ሕግ ነገሩ መልክ ያዘ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ 6,500 ገደማ እንዲህ ያሉ ዕቅዶች አሉ፤ በውስጣቸው ያለው ሰው ከ14 ሚሊዮን ይበልጣል።

ለምን አስፈለገ ብትዪኝ፣ እዚያ አገር ካለው አክሲዮን ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ የተያዘው ሀብታም በሆነው አንድ አሥረኛ ቤተሰብ ነው። አንቺና ባለቤትሽ ሁለታችሁም ትሠራላችሁ፤ ኦቨርታይምም ትገቡ ይሆናል። ደሞዝ ግን ኪራይና ግሮሰሪ ይበላዋል። እያደር የሚያድገው ንብረት ነው። እኛ “መሬት ላራሹ” ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ አያስቸግረንም። ልዩነቱ እዚህ ባለመሬቱ ዋጋውን ተቀብሎ ነው የሚሄደው። ሽማግሌው ደግ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ግን ድርጅቱን በስጦታ አልሰጧችሁም፣ ሸጡት። እንዲህ ለሚሸጥ ባለቤት ሕጉ የታክስ ጥቅም አዘጋጅቶለታል። ይህን የምልሽ ደግነታቸውን ለማሳነስ አይደለም። ከስጦታ ይልቅ ንግድ መሆኑን ስታውቂ እንደ ንግድ ትመረምሪዋለሽ ብዬ ነው።

እናንተው አካባቢ፣ ሚልዋኪ ከተማ ያለውን ቦብስ ሬድ ሚል ታውቂው ይሆናል፤ ጤፍ እንኳ አሽጎ ይሸጣል። ቦብ ሙር በ2010 እ.ኤ.አ.፣ 81 ዓመት በሞላቸው ቀን፣ ከ200 ለሚበልጡ ሠራተኞቻቸው ኢሶፕ ማቋቋማቸውን ነገሯቸው። በ2020 ድርጅቱ ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው ሆነ። ስለዚህ ባለቤትሽ “የሌለ ነገር ነው” ካለ ተሳስቷል። አለ።

ግን ባለቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ያንን 0 አይቶታል።

“ቬስትድ” ማለት ዛሬ ብትወጪ ይዘሽው የምትሄጂው ድርሻ ነው። 9,200 በስምሽ ተመዝግቧል፣ ያንቺ የሆነው ግን ገና ዜሮ ነው። ሕጉ ለድርጅቱ ከሁለት መንገድ አንዱን ይፈቅዳል፤ ከዚህ የፈጠነ ማድረግ ይችላል፣ የዘገየ ግን አይችልም። አንደኛው፣ እስከ ሦስት ዓመት ምንም የለም፣ ሦስት ዓመት ሲሞላ መቶ በመቶ። ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ዓመት 20 በመቶ፣ ከዚያ በየዓመቱ 20 እየጨመረ በስድስተኛው ዓመት መቶ። ያንቺ የትኛው ነው? 0 መጻፉ የሦስት ዓመቱን ያስመስለዋል፤ ግን ወረቀቱ ሁለተኛው ዓመት ከመቆጠሩ በፊት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በእሱ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። መልሱ በእሱ ላይ ስለሚንጠለጠል መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ ይህንን ነው።

“ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዴት ዜሮ ይሆናል?” ትዪ ይሆናል። ዕቅዱ ከመቋቋሙ በፊት ያለውን የሥራ ዘመን አለመቁጠር ይቻላል። ብዙ ድርጅቶች ግን ይቆጥራሉ። ስለዚህ የመዝገብ ስህተትም ሊሆን ይችላልና “ሰባቱ ዓመቶቼ ተቆጥረዋል ወይ?” ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ፤ ካልኩሌተር አልያዝኩም፣ በወረቀት ነው። በሰዓት 3 ዶላር ጭማሪ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት ስትመቺው 6,240 ዶላር ነው፤ ታክስ ሳይነሳለት። አክሲዮንሽ በሁለት ዓመት 9,200 ከሆነ በዓመት 4,600 ገደማ እየገባልሽ ነው። ዕቅዱ የሦስት ዓመቱ ዓይነት ከሆነና አንድ ዓመት ብትቆዪ፣ ዋጋው ባይወድቅ 13,800 ያንቺ ይሆናል። ያን ለ6,240 ብሎ ጥሎ መሄድ አይመከርም። የስድስት ዓመቱ ዓይነት ከሆነ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ያንቺ የሚሆነው 40 በመቶ፣ ማለትም 5,520 ነው። እዚህ ላይ የባለቤትሽ ሂሳብ ይበልጣል፤ የእሱ ደግሞ እጅ ላይ የሚገባ ገንዘብ ነው። እስከ ስድስተኛው ዓመት ብትቆዪ 27,600፣ ዌርሃውሱ ደግሞ በእነዚያው አራት ዓመታት 24,960 ይሰጥሻል። ተቀራራቢ ናቸው። “ባለቤትነት ሁልጊዜ ያዋጣል” ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርሽ። ይህን ገንዘብ ለቤቱ ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) አትቁጠሪው። የጡረታ ገንዘብ ነው። ከጡረታ በፊት ሥራ ለቆ ለሚሄድ ሰው ድርጅቱ ክፍያውን ለመጀመር አምስት ዓመት ያህል ሊያቆይ፣ ከጀመረም በኋላ በአምስት ዓመት ከፋፍሎ ሊከፍል ይችላል። አክሲዮኑ የተገዛበት ብድር ካላለቀ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ተቀብለሽ ወደ ሌላ የጡረታ ሂሳብ ካላዞርሽው በስተቀር ገቢ ታክስ አለ። ዕድሜሽ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የ10 በመቶ ቅጣትም ይጨመርበታል። ቤት ፈላጊ ባል ይህን ሳያውቅ “ወረቀት ነው” ቢል እኔ አልቆጣውም።

ዋጋው ደግሞ ይወጣል ይወርዳል። ድርጅታችሁ ገበያ ላይ የሚሸጥ ስላልሆነ ገለልተኛ ገማች በዓመት አንድ ጊዜ ዋጋውን ይገምታል። ዩናይትድ አየር መንገድን አስታውሺ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሠራተኞቹ ደሞዛቸውን አስቀንሰው 55 በመቶውን ያዙ፤ በታኅሣሥ 2002 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ፣ አክሲዮኑም ረገፈ። እነሱ ደሞዛቸውን ሰጥተው ነው የገቡት። አንቺ ደሞዝ ቀንሺ አልተባልሽም። አልተባልሽም ወይ? በደብዳቤሽ ውስጥ “401ኬ ላይ ይጨመርልን የነበረው ቆሟል” ብለሻል። እዚያ ላይ ቆም በዪ። ድርጅቱ በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላው ወስዶ ይሆናል። በዓመት ስንት ነበር የሚጨምርልሽ? 1,000 ከነበረ፣ እውነተኛው ጥቅምሽ 4,600 ሳይሆን 3,600 ነው። ከዚያም በላይ ቁም ነገር አለው፤ ያ ገንዘብ ብዙ ድርጅቶች ላይ የተበተነ ነበር፣ አሁን ደሞዝሽም ጡረታሽም ከአንድ ፋብሪካ ሆነ። ብትቆዪም የራስሽን 401ኬ አታቁሚ፤ ትንሽም ቢሆን ይግባ። 55 ዓመት ሲሞላሽና በዕቅዱ ውስጥ አሥር ዓመት ስትደፍኚ ሕጉ ከአክሲዮኑ ከፊሉን ወደ ሌላ ነገር እንድታዞሪ ይፈቅድልሻል። ያ ግን ሩቅ ነው።

ጓደኛሽ “ፍርፋሪ” ያለችውስ? በደሞዝ ልክ ከተከፋፈለ በዓመት 90,000 የሚያገኝ ሰው ካንቺ እጥፍ ያህል ያገኛል። እውነት ለመናገር እኔንም ይቆረቁረኛል። የሀብት ልዩነትን ለማጥበብ የወጣ ነገር የደሞዝ ልዩነቱን ይዞ ሲገባ ደስ አይልም። ግን ከሁለት ዓመት በፊት ክፍፍሉ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቂያት፤ ሙሉው ለአንድ ሰው ነበር። አንዳንድ ዕቅዶች ደግሞ የአገልግሎት ዘመንንም ይቆጥራሉ። ስብሰባ ላይ ይህን ማንሳት የምትችሉት እናንተ ናችሁ፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። “ባለቤት ከሆንን አለቃውን እኛ እንምረጥ” የሚል ሰው ካለ ግን አይሆንም። አክሲዮኑን ይዞ የሚመርጠው ትረስቲው፣ ማለትም ትረስቱን የሚያስተዳድረው ነው፤ እናንተ በቀጥታ ድምፅ የምትሰጡት ድርጅቱ እንደ መዋሃድ ወይም ንብረቱን በሙሉ እንደ መሸጥ ባሉ ትልልቅ ነገሮች ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤትሽ ልመለስ። “የሌሊት ሽፍት ነው” ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እኔ ግን እዚያች መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ። የ7 ዓመት ልጅ ጠዋት ማን ያለብሰዋል? ባለቤትሽ በየትኞቹ ሰዓቶች ነው የሚነዳው? እንቅልፍሽስ? ምናልባት ልብሽ እሺ ያላለው በአክሲዮኑ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሌሊት መሥራት አልፈለግሽ ይሆናል፤ ይህን ከመናገር ግን ስለ ወረቀቱ መከራከር ቀሎሽ ይሆናል። ልሳሳት እችላለሁ። ግን ራስሽን ጠይቂ፤ ዌርሃውሱ የቀን ሽፍት ቢሆን ኖሮ ትሄጂ ነበር?

ባለቤትሽም ምን እንደፈራ አስቢ። ኡበር የሚነዳ ሰው የሚኖረው ዛሬ በገባው ገንዘብ ነው። አምስት ዓመት የሚጠብቅ ሀብት ለእሱ ተረት ነው። የአባትሽን ነገር ያነሳው ሊጎዳሽ ብሎ ሳይሆን የአባትሽ ዕጣ እንዳይደርስብሽ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ጎድቶሻል፤ ይህን ሊሰማው ይገባል። “ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፣ አባቴን ግን ተውልኝ” በዪው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም።

እንግዲህ እንዲህ ብታደርጊ እላለሁ። በዚህ ሳምንት ኤችአር ቢሮ ሄደሽ “ሳመሪ ፕላን ዲስክሪፕሽን” የሚባለውን ሰነድ ጠይቂ፤ ሊሰጡሽ ግዴታቸው ነው። ከእሱ ውስጥ የቬስቲንጉን ዓመት፣ ክፍያው መቼና እንዴት እንደሚጀምር፣ ብድሩ መቼ እንደሚያልቅ ፈልጊ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ አትፈሪ፤ ለአሜሪካኖቹም ይከብዳል። ቢያንገራግሩሽ ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር ውስጥ የሠራተኛ ጥቅማጥቅምን የሚመለከት ክፍል አለ፤ በስልክ በነጻ ይረዳሉ። ጎን ለጎን ከዌርሃውሱ ቅናሹን በጽሑፍ አስመጪ። 25 ዶላሩን ብቻ አትዪ፤ የጤና ኢንሹራንሱን፣ 401ኬውን፣ የኦቨርታይም ደንቡንም እዪ። ያን ይዘሽ አለቃሽ ዘንድ ግቢና የደሞዝ ጭማሪ ጠይቂ። ዘጠኝ ዓመት የሠራን ሰው ማጣት ለፋብሪካው ቀላል አይደለም። ይህን ጥያቄ ያላነሳሽው ምናልባት “ባለቤት” ከተባልሽ ወዲህ መጠየቁ አሳፍሮሽ ይሆን?

ሦስቱን ወረቀቶች፣ ማለትም የአክሲዮኑን፣ የዕቅዱን ሰነድና የዌርሃውሱን ቅናሽ፣ ይዘሽ ከባለቤትሽ ጋር አንድ እሑድ ቡና ላይ ቁጭ በሉ። ልጆቹ እንዳይረብሹ አድርጊ። ስሌቱን እሱ ይሥራው፤ እርሳሱን ለእሱ ስጪው። አንድ ሌላ ነገርም ንገሪው። በዚህ ሕግ መሠረት አንቺ ብትሞቺ አክሲዮኑን የሚወርሰው የትዳር ጓደኛ ነው፤ እሱ ራሱ በጽሑፍ ካልፈቀደ በቀር ሌላ ሰው ማስመዝገብ እንኳ አትችዪም። ሲስቅበት የነበረው ወረቀት ላይ የእሱም ስም እንዳለ ላያውቅ ይችላል።

የቬስቲንጉን ዓመት ስታገኚ ጻፊልኝ፤ ሦስት ይሁን ስድስት እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።